የገጠር የሕዝብ ትራንስፖርትንና የፖለቲካ ተሳትፎን በሚመለከት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቀረበ የአቋም መግለጫ

ማኅበራችን በገጠር ወረዳዎች የሚኖሩና የሚሠሩ መምህራንን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን፣ የግብርና ባለሙያዎችን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮችንና አርሶ አደሮችን በአባልነት ያቀፈ ነው። ይህን መግለጫ ያወጣነው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በየዓመቱ ሰኔ ላይ በጀት ሲያጸድቅ፣ የመንገድና የትራንስፖርት ዘርፉንም ዕቅድ ሲመረምር፣ አንድ ጥያቄ አዘውትሮ እየተዘለለ ስላስቸገረን ነው። ስንት ኪሎ ሜትር መንገድ ተሠራ ተብሎ ይጠየቃል፤ መልስም ይሰጣል። በተሠራው መንገድ ላይ በሳምንት ስንት ጊዜ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ያልፋል፣ ነዋሪውስ የወረዳ ጉዳዩን ጨርሶ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይሰማም።

አቋማችንን ከወዲሁ ግልጽ እናድርግ። የገጠር ትራንስፖርት የመምረጥ፣ የመመረጥ፣ አቤት የማለትና ተወካይን የመጠየቅ ጉዳይ ነው፤ ምክር ቤቱም እንደዚያ አድርጎ ሊከራከርበት ይገባል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥን፣ በአንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀምን፣ በአንቀጽ 12 ደግሞ እምነት የታጣበትን ተወካይ ከቦታው የማንሳትን መብት ደንግጓል። እነዚህ መብቶች በሥራ ላይ የሚውሉባቸው ቢሮዎች፣ አዳራሾችና መዝገቦች ያሉት በወረዳና በዞን ከተማ ነው። እዚያ ደርሶ ለመመለስ ሁለት ቀንና የቤቱን አስቤዛ የሚያክል ገንዘብ የሚጠየቅ ሰው በመብቱ የሚጠቀመው ሌላ መላ ሲያጣ ብቻ ነው።

ለመንገድ የፈሰሰውን ሀብት አንክድም። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመርና የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም የነበረችውን አገር የሚያስታውሱ አባላት አሉን፤ ለውጡን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም፣ በተለምዶ ዩራፕ የምንለው፣ እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት የታለመ ነበር፤ በአምስት ዓመት ከ71 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ይሠራል ተብሎ ታቅዶ ነበር። ብዙ ቦታ ዶዘር ገባ፤ ሕዝቡም ጉልበቱን ሰጠ። ቱቦና ድልድይ ያልተሟላለት መንገድ ግን ሁለት ክረምት ሳይሻገር በጎርፍ ተበላ። ሪፖርቱ ላይ ኪሎ ሜትሩ ዛሬም ተቆጥሮ ይቀርባል።

መለኪያው ራሱ ለዚህ ይመቻል። የዘላቂ ልማት ግቦች የገጠር ተደራሽነትን የሚለኩት ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚኖረውን የገጠር ሕዝብ በመቁጠር ነው። በዚህ ስሌት ከመንገዱ ዳር የምትኖር፣ ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ እሱም ሞልቶ የሚያልፍ ቅጥቅጥ የምታይ ሴት “መንገድ ደርሷታል” ተብላ ትቆጠራለች። ከዩራፕ በፊት የነበረው የገጠር ጉዞና ትራንስፖርት ፕሮግራም ቢያንስ በስሙ ጉዞን ከመንገድ ለይቶ ያየ ነበር፤ ጋሪንና የጋማ ከብትንም ከቁም ነገር አስገብቶ ነበር። ያ አስተሳሰብ ለምን እንደተተወ ምክር ቤቱ አስፈጻሚውን ቢጠይቅ መልካም ነው።

አሁን መንገዱ ላይ ወዳለው እውነት እንግባ። በአብዛኞቹ አባሎቻችን ቀበሌዎች መኪና የሚገባው በገበያ ቀን ነው። ገበያው ቅዳሜ ከዋለ መኪናው ቅዳሜ ይመጣል፤ ቅዳሜ ደግሞ የወረዳው ፍርድ ቤት፣ የመሬት አስተዳደሩና የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ዝግ ናቸው። ገበያው በሥራ ቀን ሲውልም ችግሩ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይቀርም። ሹፌሩ የሚያድረው ከተማ ነው። ጠዋት ከመናኸሪያ ወጥቶ ረፋዱ ላይ ቀበሌ ይደርሳል፤ ሞልቶ እስኪነሳ እኩለ ቀን ያልፋል፤ ከተማ ሲገባ ቢሮዎች ሊዘጉ ነው። ለአንድ ፊርማ የሄደ ሰው አልጋ ይዞ ያድራል፤ በማግስቱ ጉዳዩን ቢጨርስ እንኳ የሚመለስበት መኪና እስከሚቀጥለው ገበያ ላይኖር ይችላል። የምታጠባ እናት፣ ብቻዋን አልጋ ይዛ ማደር የማይፈቀድላት ልጃገረድ፣ በክራንች የሚሄድ ሰው ከዚህ ጉዞ መጀመሪያውኑ ውጭ ናቸው። ገንዘብ ያለው ሞተር ሳይክል ይከራያል፤ የሌለው በእግሩ ይሄዳል ወይም ይቀራል።

የሚመጣው መኪናስ ምን ዓይነት ነው? ብዙ ጊዜ የጭነት አይሱዙ ነው። ከታች ጤፍና ማዳበሪያ፣ ከላይ ሰው። ትራፊክ ፖሊስ የሚቆምበት ቦታ ሲቃረብ ረዳቱ ጣሪያውን በመዳፉ ይመታና “ትርፎች ውረዱ!” ይላል። ተሳፋሪዎቹ ይወርዳሉ፣ ኬላውን በማሳው በኩል በእግር ይዞራሉ፣ ማዶ ላይ ተመልሰው ይሳፈራሉ። ሽማግሌ ሰው በሰዎች ትከሻ ተደግፎ ወርዶ፣ በሰዎች ትከሻ ተደግፎ ይወጣል። ፖሊሱም ያውቃል፣ ሹፌሩም ያውቃል፣ የወረዳው አስተዳዳሪም ያውቃል። ሰውን ከጭነት በላይ መጫን ሕጉ የሚከለክለው በምክንያት ነው፤ በዚህ መንገድ የሞቱ የማኅበራችን አባላት አሉ። ነገር ግን ክልከላውን ያወጣ መንግሥት ከክልከላው ማዶ ሌላ መኪና እንዳላዘጋጀ ግልጽ መሆን አለበት።

ሹፌሩን መውቀስ ቀላል ነው፤ ማኅበራችን ግን በዚህ አይስማማም። የጠጠር መንገድ ባሌስትራ ይሰብራል፣ ጎማ ይበላል። መኪናው በአንድ በኩል ሞልቶ በሌላ በኩል ባዶውን ይመለሳል፤ ታሪፉ ግን ባዶ ጉዞን አያስብለትም። ስለዚህ ባለንብረቱ የገጠሩን ታፔላ አውጥቶ አስፋልት ላይ ይሠራል፤ በስምሪት ሲመደብ ወይ ቅጣቱን ከፍሎ ይቀራል ወይ “ተበላሽቶብኝ ነው” ይላል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የታለመ የነዳጅ ድጎማ ሲጀመር የተመዘገቡ የሕዝብ ማመላለሻዎች ተጠቃሚ እንዲሆኑ መደረጉ በመርህ ደረጃ ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ ድጎማው የተሰላው በሊትር ነበር እንጂ በመስመር አልነበረም። ከዋናው አውራ ጎዳና የማይወጣው ሚኒባስም፣ ሸለቆ ወርዶ ተራራ የሚወጣው ቅጥቅጥም በአንድ ዓይን ታዩ። ብዙ የሚመላለሰው ብዙ ቀዳ፤ ብዙ የሚመላለሰው ደግሞ አስፋልት ላይ ያለው ነው።

በአዲስ አበባ የአንበሳና የሸገር አውቶቡሶች በመንግሥት ገንዘብ ይደጎማሉ፤ የመንግሥት ሠራተኛውም የፐብሊክ ሰርቪስ ሰርቪሱን በነጻ ይሳፈራል። በዚህ አንቀናም፤ የከተማው ሕዝብ ሰልፍ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ ግን ከመቶ 84 የሚሆነው ሕዝብ የገጠር ነዋሪ ነበር። ከከተማው ሰው ጋር እኩል ድምፅ ላለው ለዚህ ሕዝብ የተመደበ አንድም መደበኛ የጉዞ ድጎማ አለመኖሩ የበጀት እጥረት ብቻ ነው ብለን ለመቀበል እንቸገራለን።

ይህ ሁሉ ከፖለቲካ ጋር ምን ያገናኘዋል ለሚሉን መልሳችን ረዘም ይላል።

ለሕዝቡ በጣም ቅርብ የሆኑት ምክር ቤቶች የቀበሌና የወረዳ ናቸው። የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ በ2010 ሊካሄድ ይገባው የነበረው ተራዝሞ ቀርቷል። ያኔ ልጅ የነበረ ወጣት እስከ ዛሬ የቀበሌውን ተመራጭ መርጦ አያውቅም። በቅርብ ያለው ምክር ቤት ውክልናው ሲያረጅ የነዋሪው ጥያቄ ወደ ላይ፣ ወደ ወረዳና ወደ ዞን መሄዱ አይቀርም፤ እዚያ ለመድረስ ደግሞ መኪና ያስፈልጋል። ያልተካሄደው ምርጫና ያልመጣው መኪና እርስ በርስ የሚባባሱት እንዲህ ነው።

ከዚያ ደግሞ “ሕዝብን የማወያየት” ልማዳችን አለ። ከፍተኛ አመራር ወደ ዞን ከተማ ሲመጣ የተሳታፊ ኮታ ለቀበሌ ይወርዳል፤ ከየቀበሌው ሦስት ሰው፣ አምስት ሰው ይባላል። መኪናው የወረዳው ነው፣ ውሎ አበሉም የወረዳው ነው፤ ማን እንደሚሳፈር የሚወስነውም የቀበሌው አመራር ይሆናል። ስለ መስኖ የተናገሩት ሰዎች በሚቀጥለው ወር ስለ ሰላም፣ ከዚያ ስለ ሴቶች ተሳትፎ ይናገራሉ፤ አዳራሹ ሙሉ ነው፣ ካሜራውም ይቀርጻል። በራሱ ወጪ፣ በራሱ ፈቃድ መጥቶ ከኋላ ወንበር ላይ እጁን የሚያወጣ ሰው በዚህ ሥርዓት ቦታ የለውም። መደበኛ መኪና በሌለበት አገር የተጋበዘና ያልተጋበዘ እንጂ የመጣና ያልመጣ ሕዝብ የለም። ምክር ቤቱ በረቂቅ አዋጆች ላይ የሚጠራቸው የሕዝብ አስተያየት መድረኮችም በአብዛኛው አዲስ አበባ ስለሚካሄዱ ከዚህ የተሻሉ ናቸው ማለት አይቻልም።

የፖለቲካ ፓርቲዎችንም እንመልከት። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመሥረት 10 ሺህ፣ ክልላዊ ፓርቲ ለመመሥረት 4 ሺህ መሥራች አባላትን ይጠይቃል፤ የአገር አቀፉ መሥራቾች በተለያዩ ክልሎች የተሰበጣጠሩ መሆን አለባቸው። መስፈርቱን አንቃወምም። ነገር ግን ገና እየተቋቋመ ያለ፣ መኪና የሌለው ፓርቲ ይህን ፊርማ ከየት ይሰበስባል? ታክሲ ከሚደርስበት ከተማ ነው። ገዢው ፓርቲ፣ ማንም ይሁን ማን፣ የመንግሥትን መዋቅር ተከትሎ ቀበሌ ድረስ ይወርዳል። የመንግሥትን ንብረት ለምርጫ ዘመቻ ማዋል በሕግ የተከለከለ ነው፤ ታዲያ ወደ ቀበሌው የሚገባው ብቸኛ ተሽከርካሪ የመንግሥት ፒካፕ በሆነበት ቦታ ክልከላውን ማን ቆጥሮ ያስከብራል? አርሶ አደሩ የተፎካካሪውን ፓርቲ ድምፅ በሬዲዮ ይሰማ ይሆናል፤ ሬዲዮን ግን መልሶ መጠየቅ አይቻልም።

ማኅበራችን ከሁሉም በላይ ምክር ቤቱ ሊያስብበት ይገባል የሚለው የሥራና የምርጫ የቀን መቁጠሪያውን ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት የምክር ቤቱ ዓመታዊ የሥራ ጊዜ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመካከሉ የአንድ ወር እረፍት አለው። እንግዲህ ተወካዩ ወደ መራጩ ለመሄድ ረጅም ጊዜ የሚያገኘው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። በመንዝ፣ በዋግ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በጋሞና በዳውሮ ደጋዎች ይህ ወቅት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ወንዙ ሞልቷል፤ ጭቃው ላንድክሩዘርም አያሳልፍም፤ ገበሬው ከአረም ጋር ተያይዟል። ተወካዩ የወረዳው ከተማ ድረስ መጥቶ፣ ከወረዳው አመራር ጋር ተወያይቶ፣ “ከመራጮቼ ጋር ተገናኘሁ” ብሎ ይመለሳል። በቦረናና በሶማሌ ቆላማ አካባቢዎች ደግሞ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ የ2002 እና የ2007 ዓ.ም. ጠቅላላ ምርጫዎች ግንቦት ላይ ስለተካሄዱ ዘመቻቸው የዋለው በዚያው ዝናብ ውስጥ ነበር። የ2013ቱ ምርጫ ከግንቦት 28 ወደ ሰኔ 14 ሲዛወር ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች መካከል የሎጂስቲክስ ሥራዎች አለመጠናቀቅ ይገኝበታል። የድምፅ መስጫ ወረቀት ለማድረስ ያስቸገረ መንገድ መራጩን በቀላሉ ያደርሳል ብሎ ማሰብ አይቻልም። አንድ የቀን መቁጠሪያ ለደጋውም ለቆላውም አይሠራም፤ በ547 መቀመጫዎች የተወከለች አገር ይህን ጉዳይ በአጀንዳ መያዝ አያቅታትም።

በዚህ ሁሉ ላይ ተመሥርተን ምክር ቤቱ የሚከተለውን እንዲወስን እንጠይቃለን።

በመጀመሪያ፣ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ሪፖርት ሲያቀርብ ከኪሎ ሜትሩ ጎን የጉዞ ቁጥር እንዲያቀርብ ይደረግ፤ በየትኛው ቀበሌ፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት መኪና ገብቶ እንደወጣ። ትራንስፖርትን የሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ ይህ ቁጥር የሌለበትን ሪፖርት መልሶ ይላክ። ቁጥሩን መሰብሰብ ከባድ አይደለም፤ የመናኸሪያ ስምሪት ክፍሎች በየቀኑ የሚጽፉት ነው፣ የሚጠይቃቸው ጠፍቶ እንጂ።

ሁለተኛውና ዋናው ጥያቄያችን የዝቅተኛ አገልግሎት ወለል በሕግ እንዲቀመጥ ነው። ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ የደረሰው ቀበሌ ሁሉ በሳምንት ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን የደርሶ መልስ መኪና ይኑረው፤ የገበያው ቀን ከዚህ አይቆጠር። መኪናው ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ተሳፋሪውን ወረዳ ከተማ አድርሶ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ይመልሰው። ይህ እንዲሆን መኪናው ቀበሌው ውስጥ ማደር አለበት፤ ስለዚህ ለማደሪያና ለባዶ ጉዞ የሚከፈል የመስመር ድጎማ ያስፈልጋል። ድጎማው በግልጽ ጨረታ፣ ለባለንብረት ማኅበራትም ሆነ ለገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ክፍት ሆኖ ይሰጥ፤ ክፍያውም መኪናው ቀበሌ መግባቱ በነዋሪዎች ፊርማ ሲረጋገጥ ብቻ ይፈጸም። ገንዘቡ ከመንገድ ፈንድ ይወሰድ የሚል ሐሳብ ከአባሎቻችን ቀርቦ ነበር፤ አልተቀበልነውም። የጥገና ገንዘብ ለመኪና ከዋለ በሦስተኛው ዓመት መኪናውም መንገዱም አይኖሩም። ከፌዴራል በጀት ለወረዳዎች የሚሰጥ የተለየ ዓላማ ድጎማ ሆኖ ይያዝ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ የተላለፈው ውሳኔ ወደ ሕዝብ ማመላለሻም የሚሰፋ ከሆነ የገጠሩ መስመር በተለየ ሁኔታ ይታይ። መብራት በሳምንት ለቀናት በሚጠፋበት ወረዳ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ቻርጅ አድርጎ እንዲያድር መጠበቅ ቀልድ ነው።

የምክር ቤቱን የራሱን ሥራ በሚመለከት፣ በበጋ የሚውለው የአንድ ወር እረፍት ሙሉ በሙሉ ለመራጭ ግንኙነት ይመደብ። ውይይቱ በወረዳ ከተማ መሆኑ ቀርቶ በቀበሌ ማዕከላት፣ በገበያ ቀን፣ ሕዝቡ በራሱ ጉዳይ በተሰበሰበበት ይካሄድ፤ ቦታውና ቀኑ ቢያንስ ከሁለት ገበያ በፊት ይለፈፍ። የተሳታፊ ኮታ ይቅር። ብሔራዊ ምርጫ ቦርድም የምርጫ ቀንን ሲወስን የደጋውንና የቆላውን ዝናብ ለየብቻ ያጢን፤ የምርጫ ጣቢያ ሲመርጥ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይልቅ የመንደሮቹን ርቀት ይመልከት፤ ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን በቦርዱ ቁጥጥር ሥር የሚሆን፣ የማንም ፓርቲ ምልክት የሌለበት መጓጓዣ በየምርጫ ክልሉ ያዘጋጅ። ከየትኛውም ፓርቲ በተላከ መኪና መራጭን ማጓጓዝ ይከልከል፤ ፓርቲው ሥልጣን ላይ ያለውም ቢሆን።

በአማራ፣ በኦሮሚያና በሌሎችም አካባቢዎች መንገድ የተዘጋው በጎርፍ ሳይሆን በጦርነትና በእገታ መሆኑን እናውቃለን። “ሰው ታግቶ በሚወሰድበት መንገድ ላይ ስለ ስምሪት ሰዓት ማውራት ምን ይጠቅማል?” ያሉ አባላት ነበሩን፤ ክርክሩም ቀላል አልነበረም። የደረስንበት ውሳኔ ሰላም እስኪወርድ ጥያቄው አይደር የሚል ነው። ሰላም ባለበት ወረዳ ዛሬ ሊጀመር የሚችል ሥራ ሰላም የሌለበትን ወረዳ ምክንያት አድርጎ መቆም የለበትም። ስለ ሰላምም ቢሆን በቀጥታ ሊናገር የሚገባው ሰው መንገዱ ተዘግቶበት ቤቱ የተቀመጠው ነው።

ማኅበራችን በበኩሉ አባላቱ ባሉባቸው ቀበሌዎች የጉዞ መዝገብ ይከፍታል። መዝገቡ አራት ዓምድ ብቻ ይኖረዋል፦ መኪናው የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ የተጠየቀው ዋጋ፣ ቦታ አጥተው የቀሩ ሰዎች ብዛት። መምህራኑና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ይጽፉታል። ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሥራ ሲጀምር መዝገቡም ይጀምራል፤ በበጋው እረፍት ወደ ምርጫ ክልላቸው ለሚመጡ ተወካዮች ሁሉ፣ ከየትኛውም ፓርቲ ይሁኑ፣ የየቀበሌያቸው ግልባጭ ተፈርሞበት ይሰጣቸዋል። ሁለተኛው ግልባጭ በቀጣዩ የበጀት ውይይት ለቋሚ ኮሚቴው ይቀርባል።